ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ

የውጭ ባንክ፣ የአክሲዮን ገበያ፣ የውጭ ባለሀብት በተባለ ቁጥር አንድ ክርክር ይመላለሳል። «ባለሀብት የሚፈልገው ዴሞክራሲ አይደለም» ይላል ክርክሩ። «ውሉ ይከበርለት፣ ትርፉን በዶላር ያውጣ፣ ጠብ ቢነሳ ፈጥኖ የሚዳኘው ሰው ያግኝ። የተረፈው ፖለቲካ ነው፤ እሱ ደግሞ የቤታችን ጣጣ ነው። ዱባይን እዩ! ሲንጋፖርን እዩ! ሆንግ ኮንግን እዩ!» ይህን የሚሉት ካድሬዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ሰምቼ ባለፍኩ። ግን አገር እንዲያድግ ከልባቸው የሚመኙ፣ የተማሩ፣ ሒሳብ የሚያውቁ ሰዎችም ይሉታል። ስለዚህ በቁም ነገር ልውሰደው።

ከሦስቱ ሆንግ ኮንግን እመርጣለሁ። «ንግድ ሌላ፣ ፖለቲካ ሌላ» የሚለው እምነት እዚያ በዓይናችን ፊት ተፈትኗል። ተፈታኞቹም ተራ ሰዎች አልነበሩም፤ የዓለም ትልልቅ ባንኮች፣ አየር መንገድና ቱጃሮች ነበሩ። (ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ወደ አገራችን ስመጣ ወደ እኛው እመለሳለሁ።)

መጀመሪያ ከተማዋ ምን ትሸጥ እንደነበር እንግባባ። ሆንግ ኮንግ ሲባል ለብዙ ሰው ወደቡና ሰማይ ጠቀስ ሕንፃው ነው የሚታየው። ወደብማ ሻንጋይም አለው፤ ሕንፃማ ሼንዘንም ሞልቶታል። ሆንግ ኮንግ ለዓለም ትሸጠው የነበረው ዋናው ሸቀጥ ዳኝነት ነው። እንግሊዝ በ1997 ከተማዋን ለቻይና ስታስረክብ የእንግሊዝ የሕግ ሥርዓት ለ50 ዓመት እንዲቆይ ቃል ተገብቶ ነበር። የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከእንግሊዝ፣ ከአውስትራሊያና ከካናዳ የመጡ ስመ ጥር ዳኞችን በተራ ያስቀምጥ ነበር። ለንደን ያለ ባንክ ለቻይና ኩባንያ ሲያበድር «ጠብ ቢነሳ በሆንግ ኮንግ ሕግ እንዳኛለን» ብሎ ይፈርማል። ለምን? እዚያ የተቀመጠ ዳኛ በመንግሥት ላይ መፍረድ ስለሚችል። ፈርዶም ስለሚያውቅ። ባለገንዘቡ ሻንጋይን አልፎ ሆንግ ኮንግ የሚሄደው ለዚህ ነበር።

በ2019 ከተማዋ በሰልፍ ስትናወጥ ዱላው ቶሎ ያረፈው በአንድ ኩባንያ ላይ ነው። የቻይና የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በኦገስት ወር ተነስቶ፣ ሰልፍ የወጡ የካቴይ ፓሲፊክ ሠራተኞች ወደ ቻይና በሚበር አውሮፕላን ላይ እንዳይሠሩ አዘዘ። አየር መንገዱ ሠራተኞቹን ማባረር ጀመረ። በሳምንቱ ዋና ሥራ አስፈፃሚው ሩፐርት ሆግ ራሱ ሥራውን ለቀቀ። ያኔ ሌሎቹ ኩባንያዎች ምን ተማሩ? «ነግ በኔ» ማለት ሲገባቸው «እኛ እንኳን ዝም ብንል ይሻለናል» አሉ።

ዝምታውም አልበቃም። በ2020 ቤጂንግ ለሆንግ ኮንግ የብሔራዊ ደህንነት ሕግ ላወጣ ነው ስትል ባንኮቹ አቋማቸውን እንዲናገሩ ተጠየቁ። በጁን መጀመሪያ የኤችኤስቢሲ የእስያ ፓሲፊክ ኃላፊ ፒተር ዎንግ የድጋፍ ፊርማውን አኖረ። ስታንዳርድ ቻርተርድም ድጋፉን ገለፀ። የሕጉ ሙሉ ቃል ለሕዝብ የታየው ግን ጁን 30 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። በዚያችው ሰዓት ሥራ ላይ ዋለ። የሆንግ ኮንግ ምክር ቤትም አልተወያየበትም፤ የወጣው ቤጂንግ ነው። እስቲ አስቡት። ባንክ እኮ ነው! የአንድ ሚኒባስ ብድር ለመፍቀድ ስንት ወረቀት ገልብጦ የሚያነብ ተቋም፣ ያላነበበውን ሕግ ደግፎ ፈረመ።

ሒሳባቸው ግልፅ ነበር። ሕጉ የሚነካው ጥቂት ሰልፈኛና ጥቂት ፖለቲከኛ ነው፤ ውል እንደ ውል ይቀጥላል፤ ገበያው ይረጋጋል። አገራችን ውስጥ የምሰማው ክርክር ቃል በቃል ይኸው ነው።

አሁን ወደ አፕል ዴይሊ እንምጣ። ጋዜጠኛ ስለሆነ ለጋዜጣ አዳላ እንዳትሉኝ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ጋዜጣ መሆኑን ለጊዜው እርሱትና ኩባንያ አድርጋችሁ እዩት። (ደግሞስ ጨዋ ጋዜጣም አልነበረም፤ የታዋቂ ሰዎችን ጓዳ እያሳደደ፣ ሐሜት እየቸረቸረ ነው ያደገው።) ባለቤቱ ጂሚ ላይ በ12 ዓመቱ ከቻይና ሸሽቶ መጥቶ ጓንት ፋብሪካ ውስጥ የሠራ፣ ኋላ ጆርዳኖ የሚባለውን የልብስ ንግድ ያቋቋመ ነጋዴ ነው። ጋዜጣውን በ1995 መሠረተ። ወላጅ ኩባንያው ኔክስት ዲጂታል በሆንግ ኮንግ የአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ ነበር። ስለዚህ በጋዜጣው ፖለቲካ ይስማሙ አይስማሙ ማንም የማይጠይቃቸው ባለአክሲዮኖች ነበሩት። ኦዲተር ነበረው። ወረቀት አቅራቢ፣ ማተሚያ ማሽን፣ ወር በገባ ቁጥር ደመወዝ የሚጠብቅ ሠራተኛ ነበረው።

ሜይ 14 ቀን 2021 የከተማዋ የደህንነት ኃላፊ ጆን ሊ የጂሚ ላይን 71 በመቶ ገደማ አክሲዮን ማገዱን አስታወቀ። ልብ በሉ፤ ያገደው ፍርድ ቤት አይደለም። በሕጉ ማስፈፀሚያ ደንብ መሠረት ኃላፊው «ከወንጀል ጋር የተያያዘ ንብረት ነው ብዬ በበቂ ምክንያት ጠርጥሬያለሁ» ካለ በደብዳቤ ማገድ ይችላል። ባለንብረቱ ፍርድ ቤት የሚሄደው ከታገደ በኋላ ነው። በዚያው ወር ሮይተርስ እንደዘገበው ኤችኤስቢሲና ሲቲ ባንክም ደብዳቤ ደረሳቸው፦ የላይን ሂሳብ ያንቀሳቀሰ እስከ ሰባት ዓመት እስራት ይጠብቀዋል የሚል። ከዓመት በፊት ሳያነብ የፈረመው ባንክ ሕጉን አሁን አነበበው።

ጁን 17 ወደ 500 የሚጠጋ ፖሊስ ጋዜጣው ሕንፃ ውስጥ ገባ። አምስት ኃላፊዎች ታሰሩ፤ የሦስት ኩባንያዎቹ 18 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ታገደ። ይህ ገንዘብ ለዚያ ኩባንያ ብዙ አይደለም። ለ18 ወር የሚያሠራ ገንዘብ እንዳለው ቀደም ሲል ለገበያው አሳውቆ ነበር። የገደለው የታገደው ገንዘብ መጠን ሳይሆን ባንኮቹ እጃቸውን መሰብሰባቸው ነው። የኩባንያው ሰዎች እንደተናገሩት ያለባቸውን ዕዳ ሊከፍሉ የመጡ ደንበኞች እንኳ ገንዘባቸው ተመለሰባቸው። ካዝና ውስጥ ገንዘብ አለ፣ አንባቢ አለ፣ ዕቃ ገዢ አለ፤ ደመወዝ መክፈል ግን አይቻልም። ጁን 24 የመጨረሻው ዕትም አንድ ሚሊዮን ቅጂ ታትሞ ወጣ፤ ሰዉ ሌሊቱን ተሰልፎ ገዛው። ፖሊስ ከገባበት ቀን እስከ ቀብሩ አንድ ሳምንት ነው።

በዚያች ሳምንት በዚህ ክስ ጥፋተኛ ነው ያለ ዳኛ ነበር? አልነበረም። ጂሚ ላይ ያለ ጁሪ፣ በሦስት ዳኞች ፊት መከሰስ የጀመረው በዲሴምበር 2023 ነው። ጥፋተኛ የተባለው በዲሴምበር 2025። ኩባንያው ከሞተ ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ መሆኑ ነው።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። ሰው ይህን ተረት ሲሰማ የክብር ጉዳይ ይመስለዋል። እኔ ግን የነጋዴ ሒሳብ ነው እላለሁ። በፍርድ የሄደችን በቅሎ ዋጋዋን ታውቃላችሁ፤ ይግባኝ ትላላችሁ፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ትጠነቀቃላችሁ። ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ ግን ነገ በቅሎዋ፣ ከነገ ወዲያ በረቱ እንደማይሄድ ምንም ማስተማመኛ የላትም። የገንዘብ ባለሙያዎች «የማይተመን አደጋ» እያሉ በረጅሙ የሚጽፉት ጉዳይ እኮ ይኸው ነው።

ትንንሾቹ ባለአክሲዮኖችስ? የአክሲዮኑ ሽያጭ ቆመ። በሴፕቴምበር የቀረው ቦርድ ለቀቀ። መንግሥት ራሱ «ለሕዝብ ጥቅም» ብሎ ኩባንያው እንዲፈርስ አመለከተ፤ በዲሴምበር 2021 ፍርድ ቤቱ እንዲፈርስ አዘዘ። ደብዳቤውን የፈረመው ጆን ሊ ደግሞ በጁላይ 2022 የከተማዋ ዋና አስተዳዳሪ ሆነ። ተፎካካሪ አልነበረውም።

ለእኔ ከሁሉ የከፋው ግን ጋዜጣው መዘጋቱ አይደለም፤ ቀጥሎ የመጣው የጠበቃው ነገር ነው። ላይ ቲሞቲ ኦወን የሚባል እንግሊዛዊ ጠበቃ ሊያቆም ፈለገ። በሆንግ ኮንግ ይህ የተለመደ ነው። መንግሥት ተቃወመ፤ ተሸነፈ። ይግባኝ አለ፤ ተሸነፈ። በኖቬምበር 2022 እስከ መጨረሻው ፍርድ ቤት ሄደ፤ እዚያም ተሸነፈ። የከተማዋ ሸቀጥ ይህ ነበር፦ መንግሥት የሚሸነፍበት ፍርድ ቤት። ሥርዓቱ ሲሠራ የታየው ለመጨረሻ ጊዜ ያን ሰሞን ይመስለኛል። ምክንያቱም ጆን ሊ ወዲያው ወደ ቤጂንግ ዞሮ ሕጉ እንዲተረጎምለት ጠየቀ። ዲሴምበር 30 ትርጉሙ መጣ፦ በእንዲህ ያለ ጉዳይ የውጭ ጠበቃ ይግባ አይግባ ለሚለው ፍርድ ቤቱ የዋና አስተዳዳሪውን የምስክር ወረቀት ማግኘት አለበት፤ ካላገኘ ዋና አስተዳዳሪው የሚመራው የደህንነት ኮሚቴ ይወስናል። ሦስት ጊዜ የተሸነፈው ተከራካሪ በአራተኛው ዳኛ ሆኖ መጣ።

ዳኞቹም ገብቷቸዋል። በማርች 2022 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሮበርት ሪድና ባልደረባቸው ፓትሪክ ሆጅ ከሆንግ ኮንጉ ችሎት ለቀቁ። በጁን 2024 ሎረንስ ኮሊንስና ጆናታን ሳምፕሽን ተከተሉ፤ ሳምፕሽን ከተማዋ ቀስ በቀስ አምባገነን ሥርዓት እየሆነች ነው ብለው በጋዜጣ ጻፉ። በፍርድ ቤቱ ነፃነት እምነት አለን ብለው የቀሩም አሉ። በዚህ አልወቅሳቸውም። ሁለት ነጋዴዎች በጭነት ውል ቢጣሉ ሆንግ ኮንግ ዛሬም ጥሩ ዳኛ ያገኛሉ፤ ሐቀኛ ሰው ይህን አይክድም። ግን ሁለት ነጋዴማ መርካቶ ውስጥ ያለ ሽማግሌም ያስታርቃል። ፍርድ ቤት የሚፈተነው ከባለጉዳዮቹ አንዱ መንግሥት ሲሆን ነው።

«የእኛ ንግድ ከመንግሥት ጋር አይነካካም» የሚል ካለ የሊ ካ-ሺንግን ነገር ይስማ። ሊ የሆንግ ኮንግ ትልቁ ቱጃር ነው። በ2020 ሕጉ ሲመጣ ነገሩን ከልክ በላይ ባንተረጉመው ይሻላል የሚል መንፈስ ያለው አስተያየት ሰጥቶ ነበር። በማርች 2025 የቤተሰቡ ኩባንያ ሲኬ ሃቺሰን በ23 አገሮች ያሉ 43 ወደቦቹን ለአሜሪካው ብላክሮክና ለመርከብ ድርጅቱ ኤምኤስሲ ሊሸጥ መስማማቱን አስታወቀ። ዋጋው 23 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነው። ከሚሸጡት ውስጥ ቻይና ወይም ሆንግ ኮንግ ያለ ወደብ የለም። ሻጩ የግል ነው፣ ገዢው የግል ነው፣ ዕቃው ባህር ማዶ ነው። ከዚህ የበለጠ «ንግድ ብቻ» የሆነ ነገር ከየት ይመጣል?

ግን ከወደቦቹ ሁለቱ ፓናማ ቦይ ጫፍና ጫፍ ላይ ነበሩ፤ ዋይት ሐውስ ደግሞ ዓይኑን ጥሎባቸው ነበር። የቤጂንግ ደጋፊ የሆነው ታ ኩንግ ፓኦ ጋዜጣ ሽያጩን አገርን እንደ መክዳት አድርጎ ጻፈ፤ የሆንግ ኮንግን ጉዳይ የሚመለከተው የቤጂንግ ቢሮም ጽሑፉን በድረ ገጹ አወጣው። የቻይና የገበያ ተቆጣጣሪ «እመረምረዋለሁ» አለ። ሊፈረም የታሰበበት ቀን አለፈ። በሐምሌ ገደማ ኩባንያው የቻይና ባለሀብት ለማስገባት እየተነጋገረ መሆኑን ተናገረ። ንግዱ መቼ ፖለቲካ እንደሚሆን የሚወስነው ነጋዴው አይደለም። ሊ ካ-ሺንግን የሚያህል ሰው ይህን በዘጠና ስድስት ዓመቱ ነው የተነገረው።

ይህ ሁሉ ሳያንስ በማርች 2024 የከተማዋ ምክር ቤት በ11 ቀን ውስጥ አንድም የተቃውሞ ድምፅ ሳይኖር ሌላ የደህንነት ሕግ አፀደቀ። እዚያ ውስጥ «የመንግሥት ምስጢር» ኢኮኖሚንና ቴክኖሎጂን የሚመለከት መረጃንም ያካትታል። የኩባንያ ዕዳ አጥንቶ ሪፖርት የሚጽፍ ተንታኝ ብሆን ኖሮ ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበው ነበር።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዬ ሳቅ ብሎ ይነሳል። «ታዲያ ገንዘቡ ለምን ተመለሰ?» ይለኛል። እውነቱን ነው። በ2025 ሆንግ ኮንግ አዲስ አክሲዮን ለገበያ በማቅረብ ከዓለም አንደኛ ሆናለች። በሜይ ወር የባትሪ አምራቹ ሲኤቲኤል ብቻውን ከ4 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ሰበሰበ። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ ሆንግ ኮንግ አለቀላት ብለው የጻፉ ሰዎችም እንደተቻኮሉ አምናለሁ።

ግን ምን ዓይነት ገንዘብ ነው የተመለሰው? ትልልቆቹ አክሲዮን ሻጮች የዋናው ቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ እነሱ ቀድሞውንም ከቤጂንግ እጅ ውጭ አይደሉም። ገዢው ደግሞ በሩ አጠገብ የቆመ ገዢ ነው። አክሲዮን በስልክ ይገዛል፣ በስልክ ይሸጣል፤ አደጋ ከሸተተው ከሰዓት በፊት ወጥቶ ያድራል። ማተሚያ ማሽን እንዲህ አይወጣም። ፋብሪካ፣ የአበባ እርሻ፣ ሆስፒታል፣ ሠላሳ ዓመት የሚከፈል የቤት ብድር እንዲህ አይወጣም። የሕግ መጥፋት መጀመሪያ የሚያባርረው የሚተከለውን ገንዘብ ነው፤ የሚበረው ገንዘብማ ዋጋ እስከተስማማው ድረስ የትም ያርፋል። እንደ እኛ ያለ አገር የቸገረው የትኛው ነው?

«ሲንጋፖርስ?» ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። ተቃዋሚ ፖለቲከኛ በስም ማጥፋት ክስ እስኪደኸይ የተከሰሰባት ከተማ ናት፤ ነፃ ናት አልልም። ነገር ግን በኦክቶበር 2024 የትራንስፖርት ሚኒስትር የነበረው ኤስ. ኢስዋራን ከነጋዴ ስጦታ በመቀበሉ የ12 ወር እስራት ተፈርዶበታል። ስጦታው ምን መሰላችሁ? የቲያትርና የእግር ኳስ ትኬት፣ ውስኪ፣ ብስክሌት የመሳሰለ ነው። በእኛ ሰፈር ይህ ስጦታ አይባልም፣ የበዓል ሰላምታ ነው። «ያለ ብዙ ነፃነት ማደግ ይቻላል» የሚል ሲንጋፖርን ይጥራ። «ያለ ሕግ ማደግ ይቻላል» የሚል ግን ሌላ ምስክር ይፈልግ።

ዱባይ ደግሞ ሌላ ዘዴ አላት፤ እኛ አገር ብዙ የሚቀናባትም በዚሁ ዘዴ ነው። በ2004 የፌዴሬሽኑ ሕገ መንግሥት ተሻሽሎ፣ የገንዘብ ማዕከል ተብሎ የታጠረ ክልል ከአገሪቱ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕግ ነፃ እንዲሆን ተፈቀደ። መሐል ከተማ ላይ 110 ሄክታር ገደማ ናት። ከአጥሩ ውስጥ ክርክሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሕጉ የእንግሊዝን ይመስላል፤ ዳኞቹም ከእንግሊዝና ከሌሎች አገሮች ጭምር ይመጣሉ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ፍርድ ቤት ነው።

ከአጥሩ ውጭ ያለውን ግን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን፤ እህቶቻችን እዚያ ናቸው። ከእነዚያ የመስተዋት ሕንፃዎች የግማሽ ሰዓት መንገድ ርቃ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ደመወዟ ሲቀር መጀመሪያ አቤት የምትለው ለዚያችው ለከለከለቻት መዳም ነው። አሠሪ ፓስፖርት መያዝ በወረቀት የተከለከለ ነው፤ ፓስፖርቷ የት እንዳለ ግን ጠይቋት። በደል በዝቶባት ከቤት ብትወጣ ከሳሽ መሆኗ ቀርቶ «ጠፋች» ተብላ ተከሳሽ ትሆናለች። አጥሩ ውስጥ የሚሠራው የባንክ ባለሙያ ደግሞ የስንብት ክፍያው ከ2020 ጀምሮ በልዩ ፈንድ ይጠራቀምለታል። ሁለቱም የባዕድ አገር ሠራተኞች ናቸው፤ አንድ ከተማ ውስጥ ናቸው።

ይህ ዘዴ ለኢትዮጵያ አዲስ ይመስለናል እንጂ አይደለም። የጅቡቲው ባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ገንዘብ በሚፈልግበት ዘመን፣ በጃንዋሪ 1908፣ አጼ ምኒልክ ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከክሎቡኮውስኪ ጋር ውል ተፈራረሙ። በዚያ ውል ፈረንሳዊና ኢትዮጵያዊ ሲካሰሱ የእኛ ዳኛ ብቻውን አይቀመጥም፤ ቆንስሉ አብሮት ይቀመጣል። ተከሳሹ ፈረንሳዊ ከሆነ የሚዳኘው በአገሩ ሕግ ነው። ሌሎች መንግሥታትም «ለእኛም» ብለው አገኙ። ኋላ አዲስ አበባ ላይ ለዚሁ ጉዳይ ልዩ ፍርድ ቤት ቆመ። የሆነ መንግሥት ከለላ ያገኘ ነጋዴ ከጎረቤቱ ሱቅ በሕግ ከፍ ብሎ ይኖር ነበር። የሚገርመው፣ ቻይናም በዚያው ዘመን በራሷ ወደቦች የቆንስል ችሎት ተጭኖባት ነበር፤ ሆንግ ኮንግ ራሷ ከቻይና እጅ የወጣችው በ1842 በጦር በተገኘ ውል ነው። ያኔ ይህን ውርደት ያልነው በጉልበት ስለተጫነብን ነበር። አሁን በፈቃዳችን አዋጅ አውጥተን ስናመጣው «ማሻሻያ» ሆነ።

የእኛን የቅርብ ዓመታት አስታውሱ። በ2012 ዓ.ም. የኒውዮርኩን የግልግል ዳኝነት ስምምነት ተቀበልን። በ2016 የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር ለገበያ ተለቀቀ። በ2017 ታኅሣሥ ላይ የባንክ ሥራ አዋጁ ለውጭ ባንክ በር ከፈተ፤ ጥር ላይ የአክሲዮን ገበያው ሥራ ጀመረ። አንዱንም አልቃወምም። የውጭ ባለሀብት ውጭ አገር የሚዳኝበት ዕድል ማግኘቱም አያስቀናኝም፤ ገንዘቡን ይዞ የሚመጣ ሰው ማስተማመኛ ቢፈልግ ምን ይገርማል።

የሚያስቆጨኝ ሌላ ነው። በ2016 ፒያሳ ስትፈርስ ዕድሜውን ሙሉ እዚያ የነገደ ሰው የተሰጠው ጊዜ በቀን የሚቆጠር ነበር። እሱ ጉዳዩን ለንደን ወይም ፓሪስ ላለ ገላጋይ አያቀርብም። በኅዳር 2013 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ከሕወሓት ጋር ግንኙነት አላቸው ያላቸውን የ34 ተቋማት የባንክ ሂሳብ ማሳገዱን አስታወቀ። ጦርነት ነበር፣ ምክንያት ነበረው ትሉ ይሆናል። ስለ ምክንያቱ አልከራከርም። እዚያ ይሠራ የነበረው ጥበቃና ሒሳብ ሠራተኛ የወር ደመወዙን ማንን ከሶ ያምጣ ነው የምለው።

ጉልበት ያለው ሰው የራሱን ትንሽ በር ካገኘ ስለ ትልቁ በር የሚሟገት ይጠፋል። የሆንግ ኮንግ ባንኮች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የራሳቸው በር የማይዘጋ መስሏቸው የሌላው ሲዘጋ አጨበጨቡ። የውጭ ባለሀብት ሲመጣ ፍርድ ቤታችንን አብሮ ያሻሽልልናል ብለው ተስፋ የሚያደርጉ ወዳጆቼ ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። ዞን ውስጥ የተቀመጠ፣ ውጭ አገር የሚዳኝ ባለሀብት ልደታ ምድብ ችሎት ቀጠሮ ቢንዛዛ ምን ገዶት ይጮሃል?

ነገ ቦሌ ላይ የውጭ ባንክ ቅርንጫፍ ቢከፍት እና አንድ መሥሪያ ቤት የእናንተን ሂሳብ እንዲያግድ ደብዳቤ ቢጽፍለት ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል? ኤችኤስቢሲ ያደረገውን ነው የሚያደርገው። ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሂሳቡን ይዘጋል፤ በጥሩ እንግሊዝኛ «ይቅርታ፣ የአገሩን ሕግ እናከብራለን» ይላችኋል። ፈቃዱን ይዞ የመጣው ሊያተርፍ ነው፤ እናንተን ወክሎ ሊሟገት አልመጣም።

ስለዚህ ብሔራዊ ባንክ የመጀመሪያውን ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት የተወካዮች ምክር ቤት አባላት፣ በተለይ የሕግና የፋይናንስ ቋሚ ኮሚቴዎቹ፣ በአደባባይ እንዲጠይቁልን የምፈልገው ስለ ካፒታል መጠንና ስለ አክሲዮን ድርሻ ብቻ አይደለም። የሰውን ሂሳብ የሚያግድ ደብዳቤ በስንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቀርባል? የታገደበት ሰው ምክንያቱ የሚነገረው መቼ ነው? ያለ ጥፋቱ የታገደበት ነጋዴ ኪሳራውን የሚከፍለው ማነው? ዳኛው «ልቀቁለት» ብሎ መሥሪያ ቤቱ «ያዙት» ቢል፣ ባንኩ የሚሰማው የማንን ነው?